ከቢጫው ላስቲክ ሥር የታየ ካንዴላ

ባለቤቴ ኃይለኪሮስ ቀለም አይለይም። ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አንድ ናቸው፤ ቡናማውም፣ ገርጣ ያለውም፣ ስንዴ የሚመስለውም ሁሉ አመድ ነው። የሠርጋችን ማግስት የለበስኩትን ሮዝ ቀሚስ እስከ ዛሬ «ያ አመድማው» ይለዋል። ይህን ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የዓይን ምርመራውን ያለፈው ከፊቱ የተሰለፈው ሰው የመለሰውን በቃሉ ይዞ ነው። ቢታወቅበት ፈቃዱን ይነጠቃል። የጠገነውን መኪና ራሱ ነድቶ የማይፈትሽ መካኒክ ዘንድ ደግሞ ማንም መኪናውን አያመጣም።

እንደርታ ተወልዶ በአሥራ አራት ዓመቱ አሥመራ ገባ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ ብረት ሲያጥብ፣ ኋላም ሞተር ሲፈታ አደገ። ሽማግሌው የመጥረጊያ እንጨት አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ማዳመጥን አስተማረው። ስንጋባ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤትና ሦስት መኪና የሚያስቆም ግቢ ከቀበሌ ተከራየን። ኃይለኪሮስ እንጨቱን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያኔ ቢጠሩት አይሰማም። ሲነሳ «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» ይላል፣ ሲፈታም ሦስተኛው ይሆናል።

ጆሮው የማይነግረው የካንዴላን ቀለም ብቻ ነበር። ካንዴላ የጣት ያህል የምትሆን፣ ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭር ዕቃ ናት። ሞተሩ በደንብ ከሮጠ በኋላ ስትፈታ ጫፏ ላይ ያለው ሸክላ የነዳጁን ነገር ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል። ክፉው ይኸኛው ነው፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግልና ራሱን ይበላል። ልኩ መሃል ያለው ነው። ኃይለኪሮስ ካንዴላዋን በጨርቅ ይዞ ወደ ጓዳ ይመጣል፣ እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ ብዬ አያታለሁ። መለኪያችን የስንዴ ቆሎ ነበር። «ጥሬ ነው» ካልኩት ነዳጅ ይጨምራል። «አሯል» ካልኩት ይቀንሳል። «ደርሷል» ካልኩት መልሶ ይገጥማታል። ደንበኞቹ ግን ሚስቱን ከመውደዱ የተነሳ በየሰዓቱ ጓዳ የሚገባ ይመስላቸው ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ላጲሶ፣ ባለ ሰይቼንቶ ታክሲው፣ «ይኼ ልጅ ጋራዡ ጓዳ ውስጥ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍበታል።

በ1974 ግንቦት ውስጥ ሻምበል መኩሪያ የሚባል ሰው ነጭ ፔጆ 504 እየነዳ ግቢያችን ገባ። የት ክፍል እንደሚሠራ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የኋላው ሣጥን ውስጥ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት ነበር፤ ከተገለበጠ ትልቅ የጭነት መኪና የተፈታ ተርቦ። ከአንድ መኮንን ጓደኛው ጋር ውርርድ ገብቷል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ ባንዲራ ሲወርድ ይነሳል፣ አራት መቶ ሜትር ላይ ማን ቀድሞ ይደርሳል። ሦስት ጊዜ ሮጠው ሁለቴ ያሸነፈ አሸነፈ። ቀኑ የሰኔ የመጨረሻው እሑድ ነው። ተርቦው ፔጆው ላይ እንዲገጠምለትና መኪናው ከቆመበት እንደ ጥይት እንዲወጣ ይፈልጋል።

ኃይለኪሮስ ይህ ተርቦ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ መሆኑን፣ በቤንዚን ሞተር ላይ ቢገጠም አደጋ እንዳለው በትሕትና አስረዳ። ሻምበሉ አልተቆጣም። እኔ ልጄን ኣብርሀትን አዝዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዘጠኝ ወሯ ነው። መጥቶ ጉንጯን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ፈገግ ብሎ ወደ ባሌ ዞረ።

«ሞተሩ ውድድሩ ላይ ቢቃጠል፣ መካኒኩ ተሳስቶ ነው አልልም» አለ። «አሻጥር ነው የምለው።»

ከዚያ ሄደ። እኛ ግን ቃሏን ቤታችን ውስጥ እናውቃት ነበር። የኃይለኪሮስ ታላቅ ወንድም ገብረአምላክ አንድ የወፍጮ ሞተር በእጁ ላይ ተቃጥሎበት በአሻጥር ተከሶ ሰባት ወር ታስሯል። ያውም ትግሬ መሆኑ በየጥያቄው መሃል እየተነሳ ነው። ሲፈታ መፍቻ ቁልፍ የሚነካ ሰው አልነበረም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ተነስቶ ጫማውን ያደርጋል። ያን ዕለት ማታ ኃይለኪሮስ ራቱን ሳይነካ፣ «እምቢ ማለት ይቻል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ሁለታችንም ስለምናውቀው ኣብርሀትን አጠባሁና ተኛን።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ተርቦ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፣ እሱም አየር በኃይል መልሶ ሞተሩ ውስጥ ይነፋል። አየር ሲበዛ ነዳጅም መብዛት አለበት፤ ካነሰ ፒስቶኑ እንደ ሻማ ይቀልጣል። ኃይለኪሮስ የካርቡራተሩን ነዳጅ የሚያሳልፉ ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ብሎኖች በየጊዜው ይለዋውጣል፣ የፈታትን እያንዳንዷን ብሎን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስቀምጣል። «የወጣ አይጣልም» ይላል፤ የሽማግሌው ጣሊያን ትምህርት ነው።

ሻምበሉ በየማለዳው እየመጣ መነሳትን ይለማመዳል። ነገሩ ያለው መነሻው ላይ ነው፤ ተርቦ እንቅልፋም ነው፣ ሞተሩ ካልጮኸ አይነቃም። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ነዳጅ ሰጥቶ መጠበቅ፤ ፉጨቱ ሲመጣና የግፊት መለኪያው መርፌ ስትነሳ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ቶሎ ከለቀቁት ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል፤ ካዘገዩት ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ሻምበሉ ሁለት ፍሪሲዮን አቃጠለ። ሦስተኛውን አመጣ፤ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም። ከኋላ ጎማዎቹ አየር አስቀንሶ መኪናውን ከገርጂ ማዶ ወዳለው ሜዳ ይወስደዋል፣ ተመልሶ ሲመጣ ግቢው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሻምበሉ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ተወዳዳሪው በአጥር ላይ የሚያይ ሰላይ ይልክብኛል ብሎ ሠጋና አንድ ትልቅ ቢጫ ላስቲክ አምጥቶ ከቤታችን ክዳን እስከ አጥሩ ድረስ በወታደር አስወጠረው። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ዝናቡን ከለከለልን፣ ወደ ጓዳው ደጅ ስወጣም ጭቃ አልረግጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካንዴላዋን የማየው ከላስቲኩ ሥር ሆነ።

የመጀመሪያ ቀን «አሯል» አልኩት። ኃይለኪሮስ ገረመው፤ ትናንት ደርሷል ብዬው ነበር። ነዳጁን ቀነሰ። በማግስቱም ጠቆር ብሎ ታየኝ፣ አሁንም ቀነሰ። ሐሙስ ዕለት ካንዴላዋ የተቆላ ስንዴ መሰለች። «ደርሷል» አልኩት። ሻምበሉም ነድቶ ሲመለስ መኪናው እንዲህ ሮጦ አያውቅም እያለ ኃይለኪሮስን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዓርብ ግን ባሌ እንጨቱን ከጆሮው አወረደ። ሞተሩ ሲጨነቅ ከውስጡ ጠጠር የሚራገፍ ዓይነት ድምፅ የሰማ መስሎታል።

«ካንዴላዋን ደግመሽ እይልኝ፣ ለተ» አለኝ። ስሜ ለተብርሃን ነው፣ እሱ ለተ ይለኛል።

ደግሜ አየሁ። የስንዴ ቆሎ ናት።

«እንግዲያው ጆሮዬ ነው የደከመው» አለ።

እሑድ ሻምበሉ ገና በማለዳ መጥቶ መኪናውንም ባሌንም ይዞ ሄደ። ውድድሩ ወደ አያት በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ልቤ አልረጋ ሲል ሥራ ያዝኩ፤ የኣብርሀትን ሽንት ጨርቆች አጥቤ፣ ደመና ስለነበር ከላስቲኩ ሥር ባለው ገመድ ላይ አሰጣኋቸው። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ጨርቆቹ ሁሉ ወይበዋል። ሳሙናው ነው ብዬ አንዱን አውርጄ ልደግመው ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ቧንቧው ከላስቲኩ ውጭ ነው። ጨርቁ እጄ ላይ ነጭ ሆነ።

ወደ ላስቲኩ ሥር መለስኩት። ወየበ። አወጣሁት። ነጣ።

በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩና የተናገርኩትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ልኩን ሆኖ የነበረውን ካንዴላ ያ ቢጫ ብርሃን አጥቁሮብኝ «አሯል» አልኩ። ነዳጁ ተቀነሰ። ነጭ ሲሆን ደግሞ አቢጭቶብኝ «ደርሷል» አልኩ። ያ ጠጠር የሚራገፍ ዓይነት ድምፅ የባሌ ጆሮ መድከም አልነበረም። ያ መኪና ሦስት ጊዜ አይነሳም፤ ምናልባት አንዴም አይነሳ። ፒስቶኑ ሲቀልጥ ደግሞ ሻምበሉ የሚላት ቃል የታወቀች ናት።

ሰዓቱን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። ኣብርሀትን አዝዬ፣ ጓዳ የቀረች አንዲት ካንዴላና አንዱን ሽንት ጨርቅ ይዤ ጋሽ ላጲሶ ቤት ሮጥኩ። ሰይቼንቶዋን ሲያጥብ አገኘሁት። የሳምንቱ የቤንዚን ኩፖኑ አልቆ ለነገ ሥራ ያስቀራት ጥቂት ቤንዚን ብቻ እንደነበረችው አውቃለሁ። ባሌ ዘንድ ቶሎ ካልደረስኩ ይታሰራል አልኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ባልዲውን ደፍቶ ገባ።

«ይቺ ልጅ ከተርቦ ጋር ስትሽቀዳደም ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው» አለ የሰይቼንቶዋን መሪ መታ እያደረገ። «እኔ ነዳጅ ልስጥ፣ አንቺ ጸልዪ።»

መንገዱ ማለቂያ አጣ። ዳገቷ ላይ አህያ የጫነ ገበሬ ቀደመን። ጋሽ ላጲሶ ወርዶ እንዳይገፋት ብቻ ለመንኩ። ገና ሩቅ ሳለን ከማሳዎቹ ማዶ ጩኸት ሰማሁ፤ በመጀመሪያ የሞተር ጩኸት፣ ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ የሰው ጭብጨባ። አንዱ ዙር አልቆ ነበር።

መንገዱን የዘጋው ወታደር ወዴት ነሽ አለኝ። ለመካኒኩ የረሳውን ዕቃ አምጥቼለት ነው አልኩት፤ ካንዴላዋንና ሽንት ጨርቁን ስለያዝኩ ይህ ውሸት አልነበረም። ጋሽ ላጲሶ እዚያው ቀረ። አርባ የሚሆን ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ሁሉም ወታደር ወይም የወታደር ዘመድ። ሻምበል መኩሪያ የመጀመሪያውን ዙር አሸንፎ በጓደኛው ይቀልዳል። ኃይለኪሮስ ከፔጆው ኮፈን አጠገብ ጨርቅ ይዞ ቆሟል፣ ፊቱ ግን የአሸናፊ ፊት አይደለም።

ቀርቤ በትግርኛ በሹክሹክታ ነገርኩት። ላስቲኩን፣ ጨርቁን፣ ነጩን ካንዴላ። አልተቆጣኝም። ዓይኑ መኪናው ላይ ሆኖ፣ «ድምፁን አሁንም ሰማሁት» አለ። «ሁለተኛውን አይወጣውም።»

ንገረው አልኩት። ትናንት ልክ ነው ብሎ ዛሬ ልክ አይደለም ማለት፣ ለምን ተሳሳትክ የሚል ጥያቄ ያመጣል። መልሱ ደግሞ ወይ አሻጥር ነው ወይ ዓይኑ ነው። ባሌ ሁለቱንም ማለት አልቻለም። እንደ ገብረአምላክ ወደ ጫማው ሲመለከት አየሁትና ፈራሁ፣ ከሻምበሉ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ባንዲራ ያዡ ወደ መነሻው ይሄድ ጀመር። እኔም ወደ ሻምበሉ ሄድኩ።

«ጓድ ሻምበል» አልኩት፣ «መኪናው ነዳጅ አንሶታል። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ሳቁን አቆመ። «አንቺ ማነሽ?»

የመካኒኩ ሚስት መሆኔን፣ ካንዴላዎቹን የማየው እኔ መሆኔን፣ ቢጫው ላስቲክ ዓይኔን እንዳታለለው ነገርኩት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ጨርቁንም አሳየሁት።

«ለምን አንቺ ታያለሽ?» አለ። «እሱ ምን ሆኖ?»

ይህን ሳልናገር ማለፍ የሚቻል መስሎኝ ነበር። አልተቻለም።

«ባለቤቴ ቀለም አይለይም።»

ሻምበሉ ቀስ ብሎ ወደ ኃይለኪሮስ ዞረ። ባንዲራ ያዡን ጠርቶ ባንዲራውን ከእጁ ወሰደና ባሌ ፊት ዘረጋው። «ይህ ምን ቀለም ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ኃይለኪሮስ ባንዲራውን አላየውም፤ ያየው እኔን ነው። ከዚያ ቀና አለ። «አላውቅም፣ ጓድ ሻምበል» አለ። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ለሌላ ሰው ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ተወዳዳሪው መኮንን በሳቅ ፈነዳ። «ዕውር መካኒክ ነው እንዴ የያዝከው፣ መኩሪያ? መሪውን ደግሞ ማን ይዞልህ ኖሯል?» ሌሎቹም ሳቁ። የሻምበሉ ጆሮ ቀላ፤ እኔም በቃ አለቀልን አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው መሸነፉን ይቅር ይል ይሆናል፤ መሳቂያ መሆኑን ግን ይቅር ያለ አላየሁም።

«ካንዴላዋን ፍታት» አለ ባሌን።

ኃይለኪሮስ ትኩሱን ካንዴላ በጨርቅ ፈቶ ለሻምበሉ በቀጥታ በቀን ብርሃን አቀበለው። እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ጫፉ ላይ ከጨው ቅንጣት ያነሱ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ተጣብቀዋል። ኃይለኪሮስ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆኑ ነገረው፤ መቅለጥ የጀመረ ፒስቶን ነው። ሻምበሉ ካንዴላዋን አገላብጦ አያት፣ ብዙ ጊዜም ያያት መሰለኝ። ከዚያ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ጠየቀው። አሥር አለው።

የክብሪት ቀፎው ከባሌ ኪስ ወጣ። ላስቲኩ ሳይወጠር በፊት የነበረችውን ባለ ቀዳዳ ብሎን በጣቱ ዳስሶ አገኛት፣ ካርቡራተሩ ላይ መለሳት፣ የተርቦውንም ግፊት ቀነሰ። ኣብርሀት ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች፤ ላጠባት አልደፈርኩም። ሻምበሉ ትንሽ ነድቶ ተመለሰ፣ ካንዴላዋ ተፈታች፣ ኃይለኪሮስም በሰው ሁሉ ፊት ለእኔ ሰጠኝ። ፀሐይ ብቅ እስክትል ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየሁ።

«ደርሷል» አልኩ።

ሁለተኛውን ዙር ሻምበሉ ተሸነፈ። ግፊቱ ስለቀነሰ ተርቦው ዘግይቶ ነቃ። በሦስተኛው ዙር ፍሪሲዮኑን ረግጦ ቆየ፣ ፉጨቱ ሲመጣ ለቀቀ፣ ጎማዎቹ ጮኹ፣ መኪናው አፍንጫውን አንስቶ ወጣ። አራት መቶው ላይ በግማሽ መኪና ተቀደመ። ሞተሩ ግን ንጹሕ ድምፅ እያሰማ ተመለሰ፤ ኃይለኪሮስ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጠው አየሁት።

ሻምበሉ ከመኪናው ወርዶ የመንጃ ፈቃዱን ጠየቀው። ኃይለኪሮስ ሰጠው። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሞተሩ ቢቀልጥብኝ ኖሮ ምን እንደምል ታውቃለህ» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ያዘልኳትን ልጅ። «ይኼ እኔ ጋ ይቆይ።»

በጋሽ ላጲሶ መኪና ተመለስን። ቤንዚኑ ኦሎምፒያ ሳንደርስ አለቀና ሦስታችንም እየገፋን፣ ጋሽ ላጲሶ «ተርቦ ቢኖረኝ ኖሮ» እያለ፣ ቤታችን ገባን። ላስቲኩን የዚያኑ ቀን አወረድኩት። ቆራርጬ የማገዶ መሸፈኛ አደረግኩት፤ መጣሉ አላስቻለኝም።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሁለት ሳምንት የመኪና ድምፅ ከበሩ አጠገብ በቆመ ቁጥር ኃይለኪሮስ እጁን ይጠርጋል፣ እኔም የኣብርሀትን ልብስ በዘንቢል አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሻምበሉ መጣ። ፍሬኑ ይጮኻል፣ ይታይልኝ አለ። ስለ ፈቃዱ አንዳች አልተናገረም፣ ከዚያ በኋላም አልተናገረም። ይመጣል፣ ሥራ ይሰጣል፣ ደረት ኪሱን አንዳንዴ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ኋላ ወደ ሰሜን ግንባር ተልኳል ሲሉ ሰማን፤ ፈቃዱም አብሮት ሄደ።

ግን ሥራ መቆም አልነበረበትም። የተጠገነ መኪና መነዳት አለበት፣ ኃይለኪሮስ ደግሞ ከእንግዲህ አይነዳም። በዚያው ክረምት ጋሽ ላጲሶን ለመንኩት። ሰይቼንቶዋ ላይ አስቀምጦ ማርሽ አስተማረኝ፤ ፍሪሲዮኑን በድንገት በለቀቅኩ ቁጥር «ቀስ፣ ልጄ፣ ይቺ ተርቦ የላትም» ይላል። በታኅሣሥ ፈተናውን አለፍኩ። የዓይን ምርመራው ላይ ግን ሐኪሙ ያሳየኝን እያንዳንዱን ቀለም ሁለቴ አየሁት፤ ለምን እንደምዘገይ አልገባውም።

እስከ ዛሬ መኪናውን እኔ እነዳለሁ፣ ኃይለኪሮስ አጠገቤ እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ስንመለስ ካንዴላዋን ፈቶ በጨርቅ ይሰጠኛል። እኔም በግቢው መሃል፣ ከሰማይ በቀር ከላዬ ምንም በሌለበት ቦታ እቆማለሁ። ደመና ካለ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ደንበኛ ይቸኩላል፣ ይቸኩል። ዓይኔን አላምነውም፤ ካንዴላዋን አይቼ አስቀምጣለሁ፣ ደግሜ አነሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምናገረው።